መልስ፦ ሲክ ሁሉ ኻልሳ ነው?

«ሲክ ሁሉ ኻልሳ ነው? ጩቤ የሚታጠቁትስ ለምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሲኮች የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ኻልሳ ግን ሁሉም አይደሉም። ኻልሳ የሚባሉት የአምሪትን ሥርዓት (የተቀደሰ ጣፋጭ ውኃ የሚጠጣበትን የመግቢያ ሥርዓት) ፈጽመው ቃል ኪዳን የገቡት ናቸው።

ማኅበሩን አሥረኛው ጉሩ (የሲኮች መንፈሳዊ መሪ) ጎቢንድ ሲንግ በ1699 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሕንድ ፑንጃብ፣ አናንድፑር ላይ መሠረቱት። ሕይወቱን ለመስጠት የሚደፍር ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከተለያየ የትውልድ መደብ የመጡ አምስት ሰዎች ተነሡ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ፣ አንዱ ውኃ ቀጂ ነበር። በሰይፍ የተማሰለ ስኳር ያለበት ውኃ ከአንድ ዕቃ አጠጧቸው። ከሁሉ ልቤን የሚነካው ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ጉሩው ራሳቸው በእነዚያው በአምስቱ እጅ ያንኑ ሥርዓት ለመቀበል ለመኑ። አብሮ መብላትና መጠጣት በትውልድ መደብ በሚወሰንበት አገር ይህ ታላቅ ድፍረት ነበር።

ኻልሳ ያልተቆረጠ ፀጉር፣ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ የውስጥ ሱሪና ኪርፓን የተባለውን ጩቤ ከራሱ አይለይም። ፀጉር መቁረጥ፣ ትምባሆ፣ ከትዳር ውጭ የሚደረግ ግንኙነትና በሃላል ሥርዓት የታረደ ሥጋ ክልክል ናቸው። ኪርፓን ደካማን የመከላከል ግዴታ ምልክት ነው እንጂ ሰውን ማስፈራሪያ አይደለም። ሴቶችም ይህንኑ ቃል ኪዳን በእኩልነት ይገባሉ፤ ወንዶች ሲንግ፣ ሴቶች ካውር ይባላሉ።