ዓመት የቆመ አይሱዙ፣ ከድሬዳዋ ጅማ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። ጅማ ውስጥ እህል እነግዳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሾፌር ነው። አንድ አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ልንገዛ ተስማምተን እኔ የዕቁብ ብሬን፣ እሱም ያጠራቀማትን አዋጥተናል። እስከዚህ ጥሩ ነበር። መኪናው የተገኘው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም የለውም።

ደላላው ጠዋት ማታ ይደውላል። «ከሐረር ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ነገ ቀብድ ካላስገባችሁ አለቀ» ይላል። ያ ሌላ ገዢ መጣ ከተባለ ወር አለፈው። 2 በመቶውን ከቀብዱ ላይ ቁረጡልኝም ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ከእሱ ብሷል። «ጅማ ላይ የዚህ ዓይነቱ በ300 ሺህ ብር ይበልጣል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለ ይቆጣኛል። ሄዶ አይቶታል፣ ፎቶም ልኮልኛል። ቀለሙ አዲስ ነው። ሞተሩ 4 ኤች ኤፍ 1 ነው፣ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ጭስ የለውም። ባለቤቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አምና ካረፉ ወዲህ ግቢ ውስጥ የቆመ ስለሆነ አልተጎሳቆለም። አባትየው በሕይወት ሳሉ ለልጃቸው ውክልና ሰጥተውት ስለነበር የሚፈርምልን እሱ ነው። ታዲያ ሁሉም ነገር እንዲህ ከተሟላ ደላላው ምን ያጣድፈዋል? ኮሚሽኑንስ አስቀድሞ መጠየቅ ደንብ ነው?

በዚህ ላይ ወንድሜ «ባዶውን ከማመጣው» ብሎ ከድሬዳዋ እስከ አሰበ ተፈሪ 50 ኩንታል ሲሚንቶ ለመጫን ተነጋግሯል። የናፍጣውን ይሸፍናል ነው የሚለው። ከዚያ ሌሊቱን ነድቶ በማግስቱ ጅማ ሊገባ አስቧል። ብቻውን። 3 ዓመት የነዳው በሰው መኪና፣ ያውም ጅማና አጋሮ መካከል ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አትጫን፣ ብቻህን አትንዳ ብለው «አላመንሽኝም» ብሎ ይቀየመኛል። ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ልበለው?

እህትዎ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ ደላላውን ለጊዜው ተይው። ነገሩ ሁሉ ያለው «ነፍሳቸውን ይማርና» ብለሽ ባለፍሻት መስመር ውስጥ ነው። ሰውየው ሞተዋል። ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ልጅየው የያዘው ወረቀት አባቱ ያረፉ ዕለት ሥራውን ጨርሷል። በዚያ ወረቀት ብትገዙ ነገ እናት ወይም ሌላ ወንድም ተነስቶ «መኪናችንን መልሱ» ሲል የምትከራከሩበት ነገር አይኖራችሁም። ጥድፊያው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ነገሩ በቆየ ቁጥር «ባለ ሊብሬው የት አሉ?» የሚል ሰው ይመጣል።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። ወራሾቹ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ። መኪናው በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የሚስትየው ነው፤ ስለዚህ እሳቸውም መፈረም አለባቸው። ልጅየው ብቻውን እንዲፈርም ከፈለጉ ሁሉም ወራሾች አዲስ ውክልና ይስጡት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚትና የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ካለቀ በኋላ የመኪናው ፋይል ካለበት ቢሮ ዕዳና እገዳ ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነም ቀረጡ መከፈሉ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ስም አይዛወርም። ወንድምሽ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በናፍጣና በብሩሽ አጥቦ ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፤ የሞተሩንም እንዲሁ። አዲስ ቀለም ስትይ ይሄ ትዝ ይበልሽ።

ያቺው መስመር ሌላም ነገር ነግራናለች። «ግቢ ውስጥ የቆመ ስለሆነ አልተጎሳቆለም» ብለሻል። የለም እህቴ፤ መኪና ቆሞም ይጎዳል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ፍሬኑ ነው። የኤን ፒ አር ፍሬን የሚሠራው በዘይት ነው፣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይፈላም፤ ውሃ የጠጣው ግን 140 ግድም ላይ ሊፈላ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ (ጎማው ውስጥ ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) ሲግል ዘይቱ ይፈላና ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። በዚህ ላይ የፍሬኑ ሲሊንደሮች ውስጣቸው ይዝጋል፣ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ይደርቃል። እንዲህ ያለው ፍሬን ግቢ ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲሉት አሳምሮ ይይዛል፤ ወንድምሽ የሞከረውም እንዲያ ነው። ተራራ ላይ ደጋግሞ ሲረገጥ ግን የዛገው ብረት ጎሚኒውን ይበላውና ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል።

ስለዚህ መኪናው ከድሬዳዋ ሳይወጣ አራቱም ታምቡር ይከፈት። ጎሚኒ በሙሉ ይቀየር። ሲሊንደሩ ውስጥ በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ራሱ ሲሊንደሩ ይለወጥ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ አያዋጣም። አሮጌው ዘይት ጨርሶ ይፍሰስ፣ በአዲስ ይተካ፣ ቱቦው ውስጥ የገባው አየር ከፔዳሉ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ ይውጣ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጥ፣ እንደረገጠ ሞተሩን ያስነሳ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው (ፔዳሉን የሚያቀለው ማገዣ) ይሠራል፤ ካላለ ቫኪዩሙ የሚያፈስበት አለ። የፍሪሲዮኑም (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው) ፖምፓ በዚሁ ዘይት ስለሚሠራ አብሮ ይታይ። ጎማ ለመፍታት ሰው ሲያግዘው ደግሞ በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒው መሆኑን አስቀድሞ ይንገረው፤ ይህን የማያውቅ ረዳት ብሎን ይሰብራል።

ሌላው ፈጠን ያለ ነው። የናፍጣ ጋኑ ከታች ተከፍቶ ውሃና ዝቃጩ ይውጣ። የናፍጣ ፊልትሮ አዲስ ይግባ፤ ሁለት መለዋወጫም ይያዝ፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ጉዞ የተናወጠ ቆሻሻ መድፈኑ አይቀርም። ባትሪው 24 ቮልት፣ ማለትም ሁለት ባለ 12 ነው፤ አንዱ ከሞተ ሁለቱም ይቀየሩ። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታትሟል፦ 2316 ቢል በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ፊት ላይ አይግባ። ዓመት ከቆመ ቦሎውም የሦስተኛ ወገን መድኑም ሳያልፍ አይቀርም፤ ሁለቱም ሳይታደሱ መንገድ አይወጣም።

ሞተሩ «በአንድ ቁልፍ ይነሳል» የተባለው ወንድምሽ ሲደርስ ሞቆ ጠብቆት እንዳይሆን። ሳይነገራቸው በማለዳ ሄዶ፣ ራዲያተሩን በእጁ ነክቶ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጦ ያስነሳ። የራዲያተሩን ክዳን ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት አለመኖሩን ይይ። ሞተሩ ተነስቶ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ የቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ሳይበላ አይቀርም። የሞተር ዘይት መጨመሪያውም ሲከፈት ጭስ እፍ እፍ ካለ ፒስተንና ፋሻው አልቋል፤ ያኔ የ300 ሺህ ብሩ ልዩነት ለሞተር እድሳት ይሄዳል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። እምቢ በይው። 50 ኩንታል 5 ቶን ነው። ከድሬዳዋ እንደወጣ ደንገጎ ይጠብቀዋል፤ ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስቶ በአጭር ርቀት ከ2,000 በላይ የሚያወጣ ጥምዝምዝ ዳገት ነው። ከዚያ በቁልቢ፣ በጨለንቆና በሂርና እየወጣ እየወረደ አሰበ ተፈሪ ይደርሳል። ዓመት የቆመ መኪና ራዲያተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ የመጀመሪያውን ፈተና በ5 ቶን ልታደርጉት ነው። ባዶ መኪና ቢግል ዳር ይዞ ይበርዳል፤ የተጫነ መኪና ፍሬኑ እምቢ ካለው ሰው ይዞ ገደል ይገባል። ናፍጣውን አስቢው፦ 850 ኪሎ ሜትር ግድም ባዶውን ከ150 እስከ 170 ሊትር ይፈጃል። ለዚህ ብሎ ወንድምን ቁልቁለት ላይ መላክ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ደግሞ ሌሊት የሚባል ነገር አይኑር። ንጋት ላይ ሳይሞቅ ደንገጎን ይውጣ። ጫፉ ላይ ቆሞ ታምቡሮቹን በእጁ ጀርባ ጠጋ ብሎ ይፈትሽ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እዚያ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። መጀመሪያዎቹን 50 ኪሎ ሜትር እንደሄደ የጎማ ዳዶዎቹን ድጋሚ ያጥብቅ። ቁልቁለቱን ዳገት በሚወጣበት ማርሽ፣ ኤግዞስት ብሬኩን (ጭሱን አፍኖ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘውን) ይዞ ይውረድ እንጂ ፍሬን ላይ እግሩን አያሳርፍ። ሞተሩ ከጋለ ክዳን አይክፈት፣ በላዩም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስስ፤ ቴስታው ይሰነጠቃል። 20 ሊትር ውሃ፣ 4 ሊትር የሞተር ዘይት፣ አንድ ሊትር የፍሬን ዘይት፣ ትርፍ ቺንጋ፣ ክሪክና ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ይያዝ። የመጀመሪያ አዳሩ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይሁን። በማግስቱ አዳማን አልፎ ከአዲስ አበባ ወዲያ ሰበታ ወይም ወሊሶ ይደር። ከወልቂጤ ወደ ግቤ ያለውን ቁልቁለት በሦስተኛው ቀን፣ በብርሃንና ዕረፍት አግኝቶ ይውረደው።

ብቻውን አይሂድ። ደንገጎን የሚያውቅ አንድ ቀደም ያለ ሾፌር ወይም መካኒክ ቀጥሪለት፤ መሪውን ግን ወንድምሽ ይያዝ፣ መኪናው የእሱም ነው። ስትነግሪው «እፈራለሁ» አትበይው፤ ፍርሃትሽን ሰምቶ ሊያጽናናሽ ይሞክራልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። «ግማሹ መኪና የእኔ ነው፣ የእኔ ግማሽ በመጀመሪያ ጉዞው ጭነት አይጭንም» በይው። ይህ የባለቤት ቃል ነው፣ ያለመተማመን አይደለም። ቢቀየም ይቀየም፤ ያሳደግሽው ልጅ ነውና ይመለሳል። እስካሁን ዝም ማለትሽን ግን አልወደድኩልሽም።

ደላላው ዛሬ ማታ ሲደውል የወራሽነት ማስረጃውን ፎቶ እንዲልክ ጠይቂው። 2 በመቶውን የሚያገኘው ስም ሲዛወር ነው፣ ከዚያ በፊት ቀብድም ኮሚሽንም የለም። ማስረጃው እስኪመጣ ወንድምሽ የአውቶቡስ ቲኬት አይቁረጥ።