«ይውረድልን» ብሎ መፈረም ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከስኮትላንድ ደሴቶች በአንዱ ከባለቤቴ ጋር እኖራለሁ፤ ኬር ሆም ውስጥ እሠራለሁ። እሱ የብሪታንያ ዜግነት አግኝቷል፣ እኔ ገና በመኖሪያ ፈቃድ ነኝ። የፓርላማ ተወካያችን ከምርጫው በፊት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ «የፌሪ ጉዞ አይቀነስም» ብሎ ነበር። ከተመረጠ በኋላ ጉዞው ተቀነሰ፤ እሱም ድምፁ ጠፋ። የደሴቱ ሰው ተቆጥቷል። ጎረቤቶቻችን «ይውረድልን» የሚል ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ውሸታምና ሌባ» ይላል። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት እንገትረው ይላሉ። በፊርማ ሊወርድ ይችላል? እኔስ ብፈርም በፈቃዴ ላይ ጣጣ ያመጣብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጥታ ልንገርዎት። ያ ወረቀት የሺህ ሰው ፊርማ ቢሰፍርበትም ሰውየውን ከወንበሩ አያነሳውም። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ይህ ሊገርም ይችላል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ሊያነሳው እንደሚችል ተጽፏል (በተግባር ስንቴ አየነው የሚለውን ለእርስዎ ልተወው)። የብሪታንያ ሕግ ግን እምነት ማጣትን ብቻውን እንደ ምክንያት አይቆጥረውም።

የፓርላማ አባልን ስለማንሳት የወጣው ሕግ የ2015 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዚህ ሕግ ፊርማ የሚከፈተው በሦስት ምክንያቶች ብቻ ነው። አባሉ በወንጀል ተፈርዶበት እስራት ሲወሰንበት፣ ምክር ቤቱ ቢያንስ ለ10 የስብሰባ ቀናት ሲያግደው፣ ወይም በሐሰት አበል በመጠየቅ ጥፋተኛ ሲባል። ከእነዚህ አንዱ ከተከሰተ መንግሥት ራሱ የመፈረሚያ ቦታ ይከፍታል፤ በ6 ሳምንት ውስጥ ከመራጮቹ 10 በመቶ ከፈረሙ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ደሴት ላይ ይህ ቁጥር ትንሽ ነው። የምዕራብ ደሴቶች የምርጫ ክልል መራጮች 21 ሺህ ገደማ ስለሆኑ ሁለት ሺህ ጥቂት ፊርማ ይበቃል ማለት ነው።

ስኮትላንድ ውስጥም ሆኖ ታይቷል። በኮቪድ ተይዛ ሳለ በባቡር የተጓዘችው ማርጋሬት ፌሪየር ከምክር ቤቱ ለ30 ቀን ታገደች፣ መራጮቿ ፈረሙ፣ በ2023 ወንበሯን አጣች። የወደቀችው ግን በእገዳው ምክንያት በተከፈተው ፊርማ ነው። መራጩ ስለተከፋባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ፊርማ ባልተከፈተ። የእናንተ ሰው ከሦስቱ በአንዱም ካልተያዘ የጎረቤቶቻችሁ ወረቀት ቁጣን ይገልጻል እንጂ ሕጋዊ ውጤት የለውም።

«በውሸቱ እንክሰሰው» የሚለውን በቀላሉ አላልፈውም፤ ከዚያው ከስኮትላንድ ደሴቶች የመጣ ታዋቂ ክርክር አለና። በኤፕሪል 2015 አንድ ሚስጥራዊ የመንግሥት ማስታወሻ ለጋዜጣ ሾለከ። በወቅቱ የስኮትላንድ መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጅን ለፈረንሳይ አምባሳደር፣ የፖለቲካ ተቀናቃኝዋ ዴቪድ ካሜሮን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቢቀጥል እንደምትመርጥ ተናግራለች ይላል። እሷ ሐሰት ነው አለች። የኦርክኒና የሼትላንድ ደሴቶች ተወካይና በወቅቱ በለንደን መንግሥት የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አሊስተር ካርማይክል በቴሌቪዥን ተጠይቆ፣ ስለ ማስታወሻው የሰማሁት ከጋዜጠኛ ነው አለ። በሜይ ምርጫው ተካሄደ፣ በ817 ድምፅ ብቻ አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ያደረገው ማጣራት ወጣ፤ ማስታወሻው እንዲሾልክ የፈቀደው ራሱ ካርማይክል ነበር። ይቅርታ ጠየቀ፣ ወንበሩን ግን አልለቀቀም።

አራት የኦርክኒ ነዋሪዎች ከሕዝብ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ አሰባስበው ከሰሱት። የተመሠረቱት በ1983 የምርጫ ሕግ አንቀጽ 106 ላይ ነው። ያ አንቀጽ የአንድን እጩ የግል ጠባይ ወይም ምግባር በሚመለከት፣ የምርጫውን ውጤት ለመለወጥ፣ ሐሰት የሆነ ፍሬ ነገር መናገርን ይከለክላል። ኤደንብራ የተሰየሙት ሁለት ዳኞች መጀመሪያ ትልቅ ነገር ወሰኑ፦ እጩ ስለ ራሱ የሚዋሸውም በዚህ አንቀጽ ሊያዝ ይችላል። ሰውየው መዋሸቱንም አልሸፋፈኑም። በዲሴምበር 2015 ግን ክሱን ጣሉት። ውሸቱ ስለ አንድ ፖለቲካዊ ሽለካ ነው፤ ስለ ግል ጠባዩ ለመሆኑ ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም አሉ። «ማሾለክ ነውር ነው፣ እኔ በፍጹም አላደርገውም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ይወስኑ እንደነበር ጨምረው ጽፈዋል። ይህ ልዩነት ለብዙ ሰው የጠበቃ ተንኮል ይመስላል። እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ እያንዳንዱ የፖለቲካ ውሸት ፍርድ ቤት ቢሄድ ኖሮ ምርጫ የሚያልቀው ዳኛ ፊት ይሆን ነበር። ካርማይክል ቢረታም የጠበቃ ወጪውን ከከሳሾቹ እንዲያስከፍል አልተፈቀደለትም። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ምርጫዎችም ተመልሶ ተመርጧል።

ወደ እናንተ ልመለስ። የእናንተ ጉዳይ ከዚያም ይደክማል። «አይቀነስም» የሚለው ስለ ወደፊት የተሰጠ ቃል ነው እንጂ የሐሰት ፍሬ ነገር አይደለም። ጊዜውም አለ፤ የምርጫ አቤቱታ የሚቀርበው በመደበኛው ውጤቱ በይፋ በተላለፈ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ለወጪም እስከ 5 ሺህ ፓውንድ ዋስትና ይጠየቃል። ባለቤትዎ ገንዘብ አዋጡ ቢባል እጁን ይሰብስብ።

አሁን የሚገርመኝን ልንገርዎት። እናንተ የተቆጣችሁት ለንደን ባለው ተወካይ ነው፤ ፌሪው ግን የለንደን ጉዳይ አይደለም። ደሴቶቹን ከዋናው ምድር የሚያገናኙት ትልልቆቹ መስመሮች በስኮትላንድ መንግሥት ውል የሚሠሩ ናቸው። በኦርክኒና በሼትላንድ ከደሴት ደሴት የሚያመላልሱትን ደግሞ የአካባቢው ምክር ቤት ያስተዳድራቸዋል። ሰውየው የማይቆጣጠረውን ነገር ቃል መግባቱ ያስነቅፈዋል፣ አልከራከርም። ጉዞው እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ግን መያዝ ያለባችሁ የስኮትላንድ ፓርላማ አባሎቻችሁንና የአካባቢ ምክር ቤቱን ነው።

እዚህ ላይ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ጉልበት አለዎት። ለለንደኑ ፓርላማ ኢትዮጵያዊ ዜጋ አይመርጥም፤ ያ የባለቤትዎ ድርሻ ነው። ከ2020 ወዲህ ግን ስኮትላንድ ውስጥ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ማንኛውም የውጭ ዜጋ የስኮትላንድን ፓርላማና የአካባቢውን ምክር ቤት ይመርጣል። ፈቃድዎ ጊዜ የተወሰነለት ቢሆንም ይመርጣሉ። ስደተኛ የሆኑ ወገኖቻችንም ይመርጣሉ። ብዙ ሐበሻ ይህን ስለማያውቅ ስሙ መዝገብ ላይ የለም። የሚቀጥለው የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ሜይ 2027 ነው። ለዚያ ምርጫ የፎቶ መታወቂያ እንኳ አይጠየቁም። ምዝገባው የሚዘጋው ከድምፅ መስጫው ቀን 12 የሥራ ቀናት በፊት ስለሆነ ዛሬውኑ ይመዝገቡ።

ጎረቤቶቻችሁ የሰበሰቡት ፊርማም ዝም ብሎ አይጣል። «ይውረድልን» የሚለው ይቅርና «የፌሪው ጉዞ ይመለስ» ተብሎ ለስኮትላንድ ፓርላማ አቤቱታ ይቅረብ። እዚያ የዜግነት ጥያቄ የለም፣ ዝቅተኛ የፊርማ ቁጥርም የለም፤ አንድ ሰው ቢያቀርብም ይታያል። አስቀድማችሁ ግን ለስኮትላንድ ፓርላማ አባላችሁ ወይም ለስኮትላንድ መንግሥት ጽፋችሁ ምላሽ መጠየቅ አለባችሁ። ደብዳቤውንና መልሱን አስቀምጡ። ለለንደኑ ተወካይም መጻፍና በቀጠሮ ቀኑ ሄዶ ማነጋገር ይችላሉ፤ ድምፅ ባይሰጡትም የእርስዎም ተወካይ ነው። ለለንደኑ ፓርላማ የሥነ ምግባር ኮሚሽነር መክሰስ ግን ጊዜ ማባከን ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ «ቃሉን አልጠበቀም» ወይም «መልስ አልሰጠንም» የሚል ቅሬታ አይመረምርም።

«ሌባ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ አስወጡት። «አዳራሽ ውስጥ ቃል ገባ፣ ጉዞው ተቀነሰ፣ እሱም ዝም አለ» ብትሉ እውነት ነውና ማንም አይነካችሁም። «ውሸታም» የሚለው በነገሩ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠ አስተያየት ነው ተብሎ ሊከራከሩለት ይቻላል። «ሌባ» ግን ወንጀል ሠርቷል ማለት ነው፤ ምን ሰረቀ ስትባሉ የምታሳዩት ነገር የላችሁም። በስኮትላንድ የ2021 የስም ማጥፋት ሕግ ከሳሽ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ማሳየት አለበት። ሆኖም ትንሽ ደሴት ላይ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት፣ ይህን ማሳየት ያን ያህል አይከብድም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀቱን የጻፈውና ያሳተመው ሰው ነው።

ስለ መኖሪያ ፈቃድዎ አይስጉ። በሰላም መፈረም፣ መጻፍ፣ ሰልፍ መውጣት ወንጀል አይደለም፤ የ1998 የሰብዓዊ መብት ሕግ ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለውጭ ሰውም ይሠራል። ፈቃድን የሚያበላሸው እንደ ወንጀል ቅጣት ያለ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከፍ ብዬ የነገርኩዎት መንግሥታዊው የማንሳት ፊርማ አንድ ቀን ቢከፈት እሱ የለንደን ፓርላማ መራጮች ብቻ ነው። ያኔ ባለቤትዎ መታወቂያውን ይዞ ይሂድ፣ እርስዎ አይፈርሙ።