ራም ተጨምሮም ትራኩ የሚንጫጫው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ ማሲንቆና ድምፅ እቀርፃለሁ። ዴስክቶፔ ኮር አይ5 4570፣ ዊንዶውስ 10፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ 6 ትራክ ብቻ ከፍቼም፣ ገና ከጅምሩ በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ባፈሩን 2048 ሳደርገው ይቀንሳል፣ ግን ስዘፍን ድምፄ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይመጣል። የፕሮሰሰሩ ጭነት ከ40 በመቶ አያልፍም። ማይኩ የተሰካው ከማዘርቦርዱ ጀርባ ባለው ሮዝ ቀዳዳ ነው፤ ኢንተርኔት በዩኤስቢ ዋይፋይ ነው። አንድ ጠጋኝ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳደገልኝ፤ ለውጥ የለም። ኬዙን ስነካ ደግሞ ይነዝረኛል። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከድምፁ በፊት ንዝረቱ ይቅደም። ኬዙ የሚነዝርህ አርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ ስላላገኘ ነው። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ኬዙ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አርዙ ሲቋረጥ ኬዙ ላይ የ220ው ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይታያል። ከረንቱ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንድ ነገር የተበላሸ ቀን ግን ሙሉው 220 ብረቱ ላይ ይወጣል፣ የብረት ማይክ ደግሞ ከንፈርህ ላይ ነው። የስፒናውን የአርዝ እግር ቆርጦ ‹ይኸው ገባ› ብሎ የሚሄድ ጠጋኝ የሰው ሕይወት ላይ ነው የሚሠራው። ገመዱን፣ ዲቫይደሩንና የግድግዳውን ሶኬት አስፈትሽ። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልና አርዙን በአጭር ሽቦ ያገናኘ ሰው ካለ ያ ጭራሽ ይብሳል፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ሲበጠስ ኬዙ ፌዝ ይሆናል። ኤሌክትሪሺያን መሬት ውስጥ ዘንግ ይቅበርልህ፣ በ30 ሚሊአምፔር ልቅ ከረንት የሚቆርጥ ብሬከርም ያስገባልህ። እስከዚያ ማይክ አትያዝ።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ የምጠረጥረው ያንን የዩኤስቢ ዋይፋይ ነው። ሸዋሮቢት ብትሆን ኖሮ ሙቀትን አስቀድም ነበር፤ ነገር ግን የሙቀት ችግር እየቆየ ይብሳል እንጂ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አይጀምርም። ጉልበት ያነሰው ማሽን ደግሞ ትራክ ሲበዛ ነው የሚንጫጫው፣ በ6 ትራክ አይደለም።

ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው። ኮምፒውተር ውስጥ ድምፅ በተለመደው ማስተካከያ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም ትንንሽ ልኬት፣ ነው። ፕሮግራሙ ናሙናዎቹን በጥቅል በጥቅል ይልካል፤ የጥቅሉ መጠን ባፈር ይባላል። ባፈሩ 128 ከሆነ ፕሮሰሰሩ በየ2.9 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥቅል ማድረስ ግዴታው ነው፤ 256 ከሆነ በየ5.8፣ 2048 ከሆነ በየ46። የሠርግ ቤት አስብ። እንግዳው ሳያቋርጥ ይበላል፣ ጋጋሪዋ ትጋግራለች፣ በመካከል መሶብ አለ። መሶቡ ትንሽ ሲሆን እንጀራው ትኩሱን ይደርሳል፤ ግን አንድ ሰው ጋጋሪዋን ለአፍታ ማገዶ አምጪ ብሎ ከጠራት ገበታው ባዶ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሲደመር ከግማሽ በላይ አርፋ ይሆናል፤ እንግዳው የሚያውቀው ግን ያቺን ባዶ አፍታ ነው። 40 በመቶ የሚልህ ቁጥር አማካይ ነው፣ ስለዚያች አፍታ ምንም አይነግርህም። የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን 4 ሚሊሰከንድ ይዞ ካቆየው የ128ቱ ቀጠሮ አልፏል፤ ጠቅታው እሱ ነው። መሶቡን ወደ 2048 ብታሰፋው ጠቅታው ይሸፈናል፣ ነገር ግን ድምፅህ ሲገባ አንድ ጥቅል፣ ሲወጣም አንድ ጥቅል ስለሚጠብቅ መዘግየቱ ወደ 93 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። እንዲህ እየዘገየ በምት መዝፈን በጣም ይከብዳል። ራም መጨመር ዱቄቱን ማብዛት ነው፤ ጋጋሪዋን ከመጠራት አያድናትም።

ለማረጋገጥ ድራይቨሮች ፕሮሰሰሩን ምን ያህል ይዘው እንደሚያቆዩ የሚለካውን ላተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዋይፋዩ ተሰክቶ 10 ደቂቃ አስኪደው፤ ከዚያ ነቅለህ ድገም። ልዩነቱ ከታየ ኢንተርኔቱን በኔትወርክ ኬብል አምጣ፣ ወይም ስትቀርፅ ዋይፋዩን ንቀል። ካልታየ ፓወር ፕላኑን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርገህ፣ ዩኤስቢን እያስተኛ የሚቆጥበውን ማስተካከያ አጥፋና እንደገና ለካ።

ገንዘብህን መጀመሪያ በሮዙ ቀዳዳ ፋንታ ማይኩን በምትሰካበት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ላይ አውጣ። ‹7.1› ተብሎ የተጻፈባቸው ጣት የሚያህሉ ርካሽ ዩኤስቢዎች የራሳቸው አሲዮ ድራይቨር (ድምፅን በትንሽ መዘግየት የሚያስተላልፈው) የላቸውም፤ አትንካቸው። የራሱ አሲዮ ድራይቨር፣ 48 ቮልት ለኮንደንሰር ማይክ፣ እንዲሁም ዳይሬክት ሞኒተር ያለውን ግዛ፤ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ይበቃሃል። ዳይሬክት ሞኒተር ድምፅህን በኮምፒውተሩ ሳያዞር ወደ ጆሮህ ይመልሰዋል። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጀርባ በቀጥታ ሰካ፣ በዩኤስቢ ማባዣ አይሁን። ዊንዶውሱም ፕሮግራሙም 44,100 ላይ ይሁኑ። ባፈሩን ስትቀርፅ 128፣ ስትሚክስ 512 ወይም 1024 አድርገው።

ቀጥሎ 500 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ፣ ግዛ። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ፈልጎ ለማግኘት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል፤ ከባድ የመሣሪያ ድምፆች እየተጎተቱ የሚመጡት በዚህ ነው። ዊንዶውሱንና ድምፆቹን ኤስኤስዲው ላይ ጫን፣ አሮጌው ዲስክ ማስቀመጫ ይሁን። በርካሽ ‹2 ቴራ› የሚሉህን እስከ ጫፍ ሞልተህ መልሰህ ሳታነብ አትመን። ራሙን በተመለከተ፣ የጠጋኙ ራም ፍጥነቱ 1333 ከሆነና የቀድሞው 1600 ከሆነ ሁለቱም በ1333 ነው የሚሠሩት። ለአንተ ሥራ 16 ጊጋ በቂ ነው፣ ተጨማሪ ብር አታውጣበት።

ዊንዶውስ 11 ልጫንልህ የሚል ቢመጣ ፕሮሰሰርህ ማይክሮሶፍት ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ የቀረፃ ማሽኑን ከኢንተርኔት ነጥሎ ማቆየት ለደህንነቱም ለድምፁም ይበጃል። ያለ ፈቃድ የተሰበረ ፕላግኢን (በሙዚቃው ፕሮግራም ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) በጅምላ የሚጭኑ ሱቆችን ሽሽ፤ የፕሮግራሙ በድንገት መዘጋት ከእነዚህ ፕላግኢኖች ሊመጣ ይችላል። ሕጋዊ ከፈለግህ ሪፐር የሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል።

ኬዙን ስትከፍት ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፣ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ተጫን። የሱፍ ምንጣፍ ላይ አትቁም፣ ራሙን ከመንካትህ በፊት የኬዙን ብረት ንካ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን በካቻቢቴ አትክፈት፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ገጥመህ ስትጨርስ፣ ከግድግዳው እንደተነቀለ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ቀለም ያልነካው የኬዙ ብረት ላይ፣ ሌላውን የስፒናው አርዝ ላይ አሳርፍ። ከ1 ኦም በታች ካላሳየ ገመዱን ቀይር እንጂ አትሰካ።