ሃርድ ቶፕ፣ ፕራዶ ወይስ ግራንድ ቪታራ? ለአንድ የደብረ ማርቆስ አባወራ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ በደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ አሥራ አንድ፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። መኪናው በአዘቦት ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እኛን ሥራ ያመላልሳል። አልፎ አልፎ አዲስ አበባና ባሕር ዳር እንሄዳለን። የባለቤቴ ቤተሰቦች የሚኖሩት በብቸና በኩል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ላይ ያስቸግራል። ሦስት መኪኖች ቀርበውልኛል። አንደኛው ከአንድ ድርጅት በጨረታ የወጣ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር፣ ሁለተኛው ባለ 3.0 ናፍጣ ፕራዶ 120፣ ሦስተኛው ባለ 2.0 ቤንዚን ግራንድ ቪታራ። ፕራዶው ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ትንሽም ይንኳኳል፤ ሻጩ ግን የማርቆስ ብርድ ነው ይላል። ወንድሜ ሃርድ ቶፑን፣ ባለቤቴ ፕራዶውን፣ እኔ ዋጋው ስለሚቀል ቪታራውን እንላለን። ከአማቾቼ ቤት ጤፍ የምናመጣበት ፖርቶመጋላም ላሠራበት አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ቪታራውን ይግዙ። ምክንያቱን ላስረዳ፤ በተለይ ወንድምዎ እንዳይቀየሙኝ ከሃርድ ቶፑ ልጀምር።

ሃርድ ቶፕ ክፉ መኪና አይደለም። የዚያ ባለ 4.2 ሊትር ሞተር፣ እኛ ዋን ኤች ዜድ የምንለው፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው፣ ፖምፓው በመካኒካል የሚሠራ ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም። ሞጣም ሆነ ቡሬ ቢበላሽ የሚከፍተው መካኒክ አይጠፋም፤ መለዋወጫውም እንደዚያው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እንጀራዬም ከእሱ ነው። ይሁን እንጂ የቤተሰብ መኪና ሲመረጥ እኔ መጀመሪያ የማየው ሞተሩን ሳይሆን ልጆቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ነው። የሃርድ ቶፑን የኋላ በር ይክፈቱና ይመልከቱ። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዘው ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያገኛሉ። በጎን የተቀመጠ ልጅ፣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚወረወረው ወደ ጎኑ ነው፤ አንገቱንም ወገቡንም የሚደግፈው ነገር የለም። ቀበቶ ቢኖር እንኳ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው፤ በጎን ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙም አይፈይድም። የሦስት ዓመቷን ልጅ የሕፃን ወንበር በደንብ የሚያስሩበት ቦታም አያገኙም። አምስት ሆናችሁ ስትወጡ ቢያንስ ሁለቱ ልጆች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀሪውንም ለሙሉነቱ ልንገርዎ። የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ለጭነት ነው፤ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፣ ልጆችም ያስመልሳቸዋል። ሌላው፣ የፊት ጎማው ጉልበት የሚያገኘው ሲያስገቡለት ብቻ ነው። በፊትና በኋላው መካከል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ክፍል፣ ስለሌለው፣ በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም አስገብቶ መታጠፍ ዘንጎቹን ያጠማዝዛል። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሳል፣ አስፋልት ግን አይለቅም። ስለዚህ ሹፌሩ የግድ በኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል። ሐምሌ ላይ በእንጅባራ ጉምና ዝናብ ውስጥ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ባዶ ሃርድ ቶፕ በኋላ ጎማ ብቻ ሲሄድ ጅራቱ ቶሎ ይከዳል። ፕራዶውና ግራንድ ቪታራው መካከለኛ ዲፈረንሻል ስላላቸው አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል። ለቤተሰብ ይህ ከጭቃው ይልቅ የሚጠቅመው አስፋልቱ ላይ ነው።

ወንድምዎ አሁንም ካልተረቱ፣ የጨረታ መኪና ስለሆነ ቀረጡ ተከፍሎ እንደሆነ ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ሊብሬውን ሳያዩ ቀብድ እንዳይሰጡ።

ወደ ፕራዶው ልምጣ። ባለቤትዎ ዓይናቸው ጥሩ ነው። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ሰባት ሰው ይይዛል፤ አያትም ይሳፈራሉ። ቱርቦ ስላለው ከፍታ ብዙም አይሰማውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በካታሎግ የተጻፈው ጉልበት እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይመልሰዋል።

ችግሩ ያለው እርስዎ ባዩት ፕራዶ ላይ ነው። የማርቆስ ብርድ ጤነኛ ናፍጣ ሞተርን እንደዚያ አያደርገውም። ማሞቂያ ካንዴላ የተሠራለት ለዚህ ነው፤ በረዶ የሚወርድባቸው አገሮች ውስጥም ይህ ሞተር ይነሣል። ነጭ ጭስ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ በአፍንጫዎ ይለዩት። ዓይን የሚያቃጥልና ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ከማንኳኳቱ ጋር ሲደመር ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ያንጠባጥባሉ ማለት ነው። ጣፋጭ ሽታ ካለውና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፤ ነገሩ ወደ ቴስታታ፣ ወደ ሞተሩ ራስ፣ ይሄዳል።

የእርስዎ ገለጻ ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ ይህም ለዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ነው። ኢንጀክተሮቹ ሥር ትንንሽ የመዳብ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ማፍሰስ ሲጀምሩ የቃጠሎው ጋዝ ሽቅብ ያመልጥና ዘይቱ ውስጥ ጥቀርሻ ይሞላል። ጥቀርሻው ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ልነግርዎ አያስፈልግም፤ ሞተር የተነከሰበት ሰው ይንገርዎ። ሰውየው ዕቃውን ካመነበት ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ እንድናወርድ ይፍቀድ። የወንፊቱ ቀዳዳዎች ንጹሕ ሆነው ከታዩ አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ቅጥራን ለብሰው ከታዩ ግን ድርድሩ ተዘጋ። ኢንጀክተሮቹም በመሞከሪያ መሣሪያ ይታዩ፤ ተነቅለው በቤንዚን ስለታጠቡ ዳኑ ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ ቀለሙን እየተቀባ ገበያ ይወጣል፤ አገልግሎቱ ግን በቀለም አይመለስም። የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ከተጨመረበት ደግሞ ይህ ፕራዶ ሻጩ ከጠራው በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ቪታራው። መጀመሪያ ግን ቪታራ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 አካባቢ የተሠራው ግራንድ ቪታራ ከሻንሲ ጋር የተዋሐደ አካል፣ አራት ጎማ ጉተታና ከባድ ማርሽ (በዝግታ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ) ያለው ነው። ከዚያ በኋላ «ቪታራ» ተብሎ የመጣው የከተማ መኪና ነው፤ ከባድ ማርሽ የለውም። በዚያው በአሮጌው ዘመን እንኳ በኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት አለ። የሚለዩት በዳሽቦርዱ ላይ ባለው ማዞሪያ ነው፤ ኤን፣ ፎር ኤች፣ ፎር ኤች ሎክ፣ ፎር ኤል ሎክ የሚሉ አራት ምልክቶች ካሉት እሱ ነው። ማዞሪያው ከሌለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ለአማቾችዎ መንገድ አይሆንዎትም።

ጉልበቱን እንዳላጋንንልዎ። 140 ፈረስ ጉልበት ቢባልም ማርቆስ ላይ 105 ገደማ ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጡ ከሲኖትራክ ኋላ ይሰለፋሉ፤ ለመቅደምም ረጅም ቀጥታ መንገድ ያስፈልግዎታል። ስድስተኛ ሰውም አይይዝም። የሚያጡት ይህን ነው። በምትኩ አምስታችሁም ፊታችሁን ወደ ፊት አድርጋችሁ፣ ቀበቶ አስራችሁ ትሄዳላችሁ፤ የትንሿም ወንበር ይታሰራል። ሞተሩ የጊዜ ቀበቶ (ታይሚንግ ቤልት) ሳይሆን ሰንሰለት አለው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቀበቶ ስላላቸው ጊዜው ሳያልፍ መቀየር አለበት። ሰንሰለቱም ቢሆን ዘይት ከተጓደለበት መንጫጫት ይጀምራል። ያረጀ የዚህ ዓይነት ሞተር ዘይት መጠጣት ይወዳል፤ ነዳጅ በሞሉ ቁጥር የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዘው ይዩ።

ሲሞክሩት፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሂዱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት በማግሥቱ ይመለሱ። ቁልፉ ሲከፈት የኤር ባግና የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከዚያ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣው ሰው አለ። በደረቅ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዘው፣ ማዞሪያውን ፎር ኤች ላይ አድርገው በዝግታ ይዙሩ። ከያዘ ወይም ከተንጠለጠለ መካከለኛው ዲፈረንሻል ታሟል። ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ከፊት በኩል የዋይታ ድምፅ ከተሰማ የፊት ዲፈረንሻሉ ወይም ኩሽኔታው ነው። አራቱም ጎማ አንድ መጠንና ተቀራራቢ አለባበስ ይኑራቸው፤ ሁልጊዜ በአራቱም በሚጎትት መኪና ላይ ሁለት አዲስና ሁለት የተላጠ ጎማ መግጠም መካከለኛውን ዲፈረንሻል መብላት ነው። ጎሚስታው «ሁለቱ ይበቃል» ቢልዎ አይስሙት። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ባሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ ቀሪዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ከፕራዶው የሚተርፈውን ገንዘብ ለቤት ዕቃ አያውሉት። አምስት ጎማ ይግዙበት፤ አምስተኛው ስኮርታው ነው። ለሁሉም መንገድ የሚሆነውን ኤ ቲ የሚባለውን ዓይነት ያድርጉ። ጥርሱ ትላልቅ የሆነውን የጭቃ ጎማ ወጣቶች ይወዱታል፤ ነገር ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዙ ይንሸራተታል፣ ይጮኻልም። የእርስዎ መኪና ደግሞ ቀኑን የሚውለው አስፋልት ላይ ነው። ዋልካ ሲረጥብ የማንኛውም ጎማ ጥርስ ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሃርድ ቶፕም ይቆማል። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ቆመው ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ያድርጉ፣ ፎር ኤል ሎክ፣ ማለትም ከባድ ማርሹን፣ ያስገቡ፣ በአንድ ዓይነት እርጋታ ሳያቋርጡ ይለፉ። አስፋልት ሲመለሱ ንፋሱን ሞልተው ሎኩን ያውጡ። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቶ ካዩ ግን መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር ካለ ቤት አቁመው በእግር ይግቡ፤ አማትዎ አይቀየሙም።

ዓባይን ስለመውረድም፣ ቪታራው ቀላል ቢሆን ፍሬኑ ያው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እንደገዙ ይቀይሩት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ። ከደጀን ጫፍ ላይ ከመውረድዎ በፊት ያንኑ ዳገት የሚወጡበትን ማርሽ ያስገቡ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅ ያድርጉት። ፍሬኑን በረጅሙ ተጭኖ መያዝ ሳይሆን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ዳር ይዘው ይቁሙና ያቀዝቅዙት፤ አንዳንድ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሲመለሱ ደግሞ ከታች ሙቀቱ ስለሚበረታ የሙቀት መርፌውን ይከታተሉ፤ ከወትሮው ከፍ ካለ ኤር ኮንዲሽኑን ያጥፉ።

ፖርቶመጋላውን አልመክርም። የብዙዎቹ የዚህ ክፍል መኪኖች ጣሪያ የሚፈቀድለት ጭነት ከአንድ ኩንታል በታች ነው፤ ከዚያም ውስጥ የብረቱ ክብደት ይቀነሳል። ጣሪያ ላይ ያለ ኩንታል በየመታጠፊያው መኪናውን ያጋድለዋል፣ ነዳጅም ይጨምራል። ጤፉን በግማሽ ግማሽ ኩንታል ያስቋጥሩና ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ወንበሩን አስጠግተው በገመድ ይሰሩት። የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ ያድርጉ። ከዚያ የሚተርፈው ጤፍ በአይሱዙ ይምጣ።