ማታ ማታ በስልክ የሚከተለኝ ሥራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዳማ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ቴለር ነኝ። ቀን ቀን ሲስተም ይቆምና ወረፋው ሲረዝም ሰው እኔ ላይ ይጮኻል። ሲመሽ ደግሞ የቅርንጫፉ የቴሌግራም ግሩፕ ይጀምራል። «ዛሬ ስንት ሰው ሞባይል ባንኪንግ አስመዘገባችሁ?» ይላል ሥራ አስኪያጁ፤ አንዳንዴ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ። ካልመለስኩ በማግስቱ ስሜ ይነሳል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ «ዝም ብለሽ አጥፊው» ይለኛል። ሥራው አቅቶኝ ይሆን?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራው አቅቶሽ አይደለም። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ሁለት የተለያዩ ጭንቀቶች አየሁበት። አንዱ የሲስተሙ ነው፣ ሌላው የስልኩ። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው።

ሲስተም ሲቆም የሚያስጨንቅሽ፣ ልታስተካክዪው በማትችዪው ነገር ስለምትወቀሺ ነው። ችግሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይሁን ከኔትወርኩ አታውቂም፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው ግን ያንቺ ፊት ነው። ሲስተሙ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመውን ሰው ለማስተናገድ ትቸኩያለሽ። ስትቸኩዪ ብር ይጎድላል፣ የጎደለውን ትከፍያለሽ። ይሄ የማንንም እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ሲስተሙ የቆመበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ጽፈሽ ያዢ። ለደንበኛው የመንገሩን ሥራ ሥራ አስኪያጁ እንዲወስድ ጠይቂው። ወጥቶ «ሲስተም የለም፣ መጠበቅ የማትችሉ ከሰዓት ተመለሱ» ቢል የጩኸቱ ግማሽ ካንቺ ላይ ይወርዳል። ከተመለሰ በኋላም አትሩጪ። ብሩን ሁለቴ ቁጠሪ። የሚያጉረመርም ያጉረምርም።

የስልኩ ነገር ግን በጣም ያናድደኛል። እኔ ባንክ ቤት ስሠራ የደንበኛው ሂሳብ በወረቀት ካርድ ላይ በእጅ ነበር የሚያዘው። ማታ ሂሳቡ ካልገጠመ ሁላችንም እናመሻለን፤ አድካሚ ነበር። ሲገጥም ግን በሩ ይቆለፋል፣ ሥራውም እዚያው ያድራል። ያንቺ ሥራ አልጋሽ ድረስ ይመጣል፣ ለዚያውም ያለ ክፍያ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ ከ4 ሰዓት በኋላ በ1.75 ተባዝቶ ነው። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ስልክና ኢሜይል ስለመዝጋት ከሠራተኛው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ ታስገድዳለች። በኛ አዋጅ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ በንግግር ነው የሚያልቀው።

ባለቤትሽ ለጤናሽ አስቦ ነው፤ ብቻሽን ስልክ ብታጠፊ ግን «እሷ ብቻ» ትባያለሽ። መጀመሪያ ባልደረቦችሽን አነጋግሪ፣ እነሱም ተኝተው አያድሩም። ከዚያ አብራችሁ ሥራ አስኪያጁ ጋ ግቡና እንዲህ በሉት፦ «የምዝገባውን ቁጥር ከመውጣታችን በፊት ሞልተን እንሰጥሃለን። ማታ ግሩፑ ላይ የሚጻፈውን ጠዋት እንመልሳለን። አስቸኳይ ከሆነ ደውልልን።» እሱንም ከበላይ «ቁጥር አምጣ» የሚሉት አሉ፤ ቁጥሩ ቀድሞ ከደረሰው የሚቃወምበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም። ከተስማማ ግሩፑን ማታ ማታ ድምፁን ዝጊው። እምቢ ካለ የሠራተኛ ማኅበራችሁ ጋ ሂዱ፣ ማኅበሩ ከባንኩ ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ማታ «አሁኑኑ ላኩ» የሚሉ መልእክቶችን አታጥፊ፤ ትርፍ ሰዓት ለመሥራት መታዘዝሽን ያሳያሉ።

የልብ ምቱና እንቅልፍ ማጣቱ ግን ንግግሩን አይጠብቅም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ደም ግፊትሽንም ተለኪ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳላችሁም ጻፊልኝ።