ለፍሎራይድ ማጣሪያው ጠያቂ፦ ጠበቃህ ኬሚስትሪ ይወቅ

«ከአጥንት ከሰልና ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ከውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚያጣራ ዱቄት አለኝ፤ ለፓተንቱ (ለፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) የትኛው ጠበቃ ጋ ልሂድ?» ብለህ ለጠየቅከው የአዳማ ልጅ ነው የምመልሰው። እኔም አዳማ ነኝ። እኔም ያጠናሁት ኬሚስትሪ ነው። ወንጂ በውሃው ፍሎራይድ ጥርሱ የበለዘ ዘመድ የሌለው ደግሞ ማን አለ? ስለዚህ ነገርህ ገብቶኛል።

1. ከጥያቄህ ጋር የለጠፍከውን የሰሌዳ ፎቶ አሁኑኑ አጥፋው። ሰሌዳው ላይ የጻፍከው መጠን ሁሉ ይነበባል። በእኛ የፈጠራ አዋጅ፣ በ123/1987፣ አመልካቹ ራሱ ይፋ ያደረገው ነገር ከማመልከቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ ፈጠራውን አዲስነት አያሳጣውም። አውሮፓ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

2. አጥንት አክስሎ ፍሎራይድ ማጣራት ድሮም የታወቀ ነው። በእሱ አትድከም። አዲሱ ነገር አሉሚኒየሙን ያስገባህበት መንገድ ነው። ፓተንት ተሰጠህ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። የጤፍ ዱቄቱን አስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ የተሰጠውን ፓተንት በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ ማለትም ለባለሙያ ግልጽ የሆነ ነገር ነው ብሎ ኔዘርላንድስ ውስጥ ውድቅ አድርጎታል።

3. ጠበቃው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፣ ሆዴ ሞልቷል።

የእኔው ከባጋስ፣ ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ የሚሠራ ፍሎራይድ የሚይዝ ከሰል ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ስመ ጥር የሕግ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ገና ሳልቀመጥ «ውክልናውን ፈርም» አለችኝ። ጠበቃው የላብራቶሪ ደብተሬን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄ ሁሉ ሰንጠረዥ አንባቢ ያሰለቻል» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በ500 ዲግሪ የተከሰለ ብሎ ብቻ ጽፎ አስገባው! ደብተሬ ውስጥ ግን ከ400 እስከ 600 የሠራው ሁሉ አለ። ክሌም የሚባለው ክፍል የአንተ ድርሻ የት ድረስ እንደሆነ የሚከለልበት ነው። በ450 የሚያከስል ሰው በእኔ አጥር ላይ ተራምዶ ያልፋል ማለት ነው።

ይስተካከል ብዬ ስመለስ ነው ጉዱ የመጣው። ማመልከቻ ማሻሻል ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ካስገባኸው መግለጫ በላይ መጨመር አይቻልም። የተተወው ሰንጠረዥ ተተወ። እንደገና አመለከትኩ፣ የቀደመው የማመልከቻ ቀኔ ቀረ። ክፍያው ደግሞ አልተመለሰም፤ «ሥራው ተሠርቷል» ነው መልሱ።

ሁለተኛውን የጻፈችልኝ ሴት ለዓመታት ላብራቶሪ የሠራች ኬሚስት ናት፤ ሕጉን የተማረችው በኋላ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ያልሠራልህ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። አፈርኩም፣ ገረመኝም። በ700 ያከሰልኩት ፍሎራይድ መያዝ አቅቶት ነበር፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ እንኳ አላስገባሁትም። እሷ ግን ወሰኑ ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ የሚያስረዳው እሱ ነው ብላ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ፒኤቹን (የውሃውን አሲድነት ልክ) ጠየቀች፣ የቅንጣቱን መጠን ጠየቀች፣ ውሃው ውስጥ ሌላ ምን ጨው እንዳለ ጠየቀች። እውነት ለመናገር አማካሪዬ እንኳ እንደዚያ አልፈተነኝም። አሁን ያ ማመልከቻ ሲነበብ ያኮራኛል።

አሜሪካ በፓተንት ቢሮው ፊት ለመቆም ሕግ ብቻ አይበቃም፤ የሳይንስ ወይም የምህንድስና ዕውቀት ማሳየት ግዴታ ነው። እኛ ጋ ያንን የሚያጣራልህ የለም፣ አንተው ነህ የምታጣራው።

ዱቄቱን በመሥሪያ ቤት ቅጥርህ ሥራ ከሆነ የሠራኸው ውልህን አንብብ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ የአሠሪው ነው። ጠበቃው ቢሮ ስትገባ ደግሞ ስለ ዋጋ ከማውራትህ በፊት «አሉሚኒየሙ ከአጥንቱ ጋር ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» በለው። ስልኩን መነካካት ከጀመረ ደብተርህን ይዘህ ውጣ።