አራት ጫማ ተኩል፦ ቤት ለገዛችሁ ልጆች

ከቤታችሁ ፊት ካለው ሣር ወደ አስፋልቱ ጠርዝ የቀረበው ብዙ ጊዜ የእናንተ አይደለም። ታጭዱታላችሁ፣ ታጠጡታላችሁ፣ በረዶውን ትጠርጋላችሁ፤ ግን የእናንተ አይደለም። በብዙ የቆዩ የአሜሪካ ሠፈሮች የመንገዱ ይዞታ ወርዱ 66 ጫማ ነው። የድሮ ቀያሾች የሚጎትቱት ሰንሰለት ርዝመቱ 66 ጫማ ስለነበር ልኩ በዚያው ቀረ። አስፋልቱ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ይይዛል። የተረፈው በግራም በቀኝም ከሣራችሁ ሥር ተኝቷል። ወሰናችሁን ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምራችሁ ከለካችሁ ገና ከመጀመሪያው ተሳስታችኋል።

ይህን ያስቀደምኩት በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ክርክሮች ብዙዎቹ ከዚህ ስለሚነሱ ነው። ሀገር ቤት በወጣትነቴ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ለቀያሾች ሜትር እጎትት ነበር። እዚህ መጥቼ እንደገና ተማርኩና ሚኒሶታ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የፕላን ክፍል ተቀጠርኩ። 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ቤቱን ለማስፋት ሲያመለክት ማመልከቻውን መርምሬ "ይፈቀድለት" ወይም "አይፈቀድለት" የሚል ሪፖርት ለፕላን ኮሚሽኑ እጽፍ ነበር። ሐበሻው ይህን ከሰማ ወዲህ ስልኬ አርፎ አያውቅም። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ እዚያ ነበሩ፤ አንድ ቃል ቢሉልን።" አንድ ቃል ማለት አልችልም። ከአንድ ቃል በላይ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ሴትባክ የሚሉት ቤቱ ከመሬቱ ወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት ነው። ከፊት 30፣ ከጎን 10፣ ከኋላ 30 ጫማ ሊሆን ይችላል፤ እንደየከተማው ይለያያል። ተንኮል የለበትም። እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘል፣ ብርሃንና አየር እንዲገባ፣ ማዕዘን ላይ የሚታጠፍ ሹፌር የሚመጣውን መኪና እንዲያይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1926 በኦሃዮዋ ዩክሊድ ከተማ ጉዳይ ዞኒንግን፣ ማለትም ከተማ የት ምን እንደሚሠራ በደንብ መወሰኑን፣ አጸደቀ። በዓመቱ በ1927 ደግሞ ከቨርጂኒያዋ ሮአኖክ በመጣ ክርክር ሴትባክም ሕጋዊ ነው አለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ኮሚሽኑ ፊት ቆማችሁ "በገዛ መሬቴ ምን አገባችሁ?" ብትሉ፣ ገና አያቶቻችሁ ሳይወለዱ የተዘጋ መዝገብ መክፈት ነው።

ሕጉ ግን ጠባብ በር ትቷል። መሬት ሁሉ የተስተካከለ አራት ማዕዘን አይደለም። አንዱ እንደ ቁራሽ ዳቦ አንድ ጎኑ ሾጣጣ ነው። አንዱ ተዳፋት ነው፣ አንዱ ግማሹ ረግረግ ነው። እንዲህ ላለው መሬት ደንቡን ትንሽ ማላላት ቫሪያንስ ይባላል።

እዚህ ሚኒሶታ ያ በር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሚኔቶንካ ከተማ ውስጥ ከፊት ወሰኑ 17 ጫማ ብቻ የራቀ አሮጌ ጋራዥ ነበረ። ደንቡ 50 ይላል። ባለቤቱ ጋራዡ ላይ ለዮጋና ለእጅ ሥራ የሚሆን ፎቅ ልጨምር አለ። ከተማው ፈቀደ፤ ጎረቤት ከሰሰ። በ2010 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕጉን ቃል እንዳለ ወሰደው። ያለ ቫሪያንስ መሬቱን በአግባቡ መጠቀም ጨርሶ የማይቻል ካልሆነ አይሰጥም አለ። እንግዲህ ቤት ያለው ሰው መሬቱን እየተጠቀመበት ነው። ታዲያ ማን ያልፋል? ያን ሰሞን ቢሮ ውስጥ እርስ በርስ ስንተያይ ነው የከረምነው። በ2011 ሕግ አውጪው ሕጉን አሻሻለና ነፍስ ዘራን።

አሁን ከተማው በዋናነት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ልትሠሩ ያሰባችሁት ነገር ምክንያታዊ ነው ወይ? ችግሩ የመጣው እናንተ ካልፈጠራችሁት ከመሬቱ የተለየ ሁኔታ ነው ወይ? ቢፈቀድላችሁ የሠፈሩ መልክ ይለወጣል ወይ? ነገሩ ከደንቡ ዓላማና ከከተማው ፕላን ጋር መስማማትም አለበት። "በዚህ ብሠራው ይረክስልኛል" የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ደንብ አንብቡ፤ ቃሉ ይለያያል፣ መንፈሱ ግን ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ደግማችሁ አንብቡት። የእኛ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

እኛ ያደግነው ችግራችንን ለሽማግሌ እየነገርን ነው። ሽማግሌ ፊታችንን ያያል፣ ቤተሰባችንን ያውቃል፣ ያዝናል። ኮሚሽኑም ያዝናል። አባላቱ የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ ጡረተኛ መምህር አለ፣ ጥርስ ሐኪም አለ፣ የቀለም ሱቅ ያላት አለች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን በኀዘኔታ መፍረድ አይችሉም። ቫሪያንሱ የሚሰጠው ለእናንተ ሳይሆን ለመሬቱ ነው። ነገ ቤቱን ሸጣችሁ ብትሄዱ እሱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለው እዚህም ይሠራል፤ የሚነገረው ግን ስለ መሬቱ ነው።

ይህን ያወቅሁት በሰው ኪሳራ ነው። ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ ነበር፣ ማታ አንድ ሰዓት። አንድ ያገራችን ሰው ሱፉን ለብሶ መጣ። እናቱ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ላይ አጣፍተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምድር ላይ አንድ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ሊጨምር ነው። ከጎን ወሰኑ 10 ጫማ መራቅ ሲገባው አምስት ተኩል ላይ ለመቆም ጠየቀ። አራት ጫማ ተኩል ማለት ነው፤ አንድ በር ተኝቶ እንኳ አይዘረጋበትም። ማይኩን አስተካከለና ስለ እናቱ ጉልበት ተናገረ። ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ደረጃውን በቂጣቸው እየተንሸራተቱ እንደሚወርዱ ተናገረ። የተሰጠው ሦስት ደቂቃ በዚሁ አለቀ።

ሰብሳቢው በትሕትና ጠየቁት። "ከኋላ በኩል ሰፊ ቦታ ያለ ይመስላል። ለምን እዚያ አይሆንም?"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ አየ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ሪፖርት የእኔ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ከኋላ በቂ ቦታ አለ" ይላል። "ኮንትራክተሩ እዚያ አይሆንም ብሎኛል" አለ። ኮንትራክተሩ ለምን እንደማይሆን አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ድምፅ ተሰጠ፤ አንድም የደገፈው የለም። እናትየው እንግሊዝኛ አይሰሙም። ሁሉም በጨዋ ድምፅ ስለተናገረ የተፈቀደላቸው መስሏቸው ነበር። ሲወጡ ወደ መድረኩ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። እኔ ብቻ ሰማኋቸው።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ለሌላ ጉዳይ፣ ለአንድ የአጥር አቤቱታ፣ ጎረቤቱ ቤት ሄድኩ። በአጥሩ ላይ አሻግሬ የሰውዬውን ጓሮ አየሁ። ሣሩ መሀል ክብ የብረት ክዳን አለ። ትንሹ ልጁ ላዩ ላይ ቆሞ ኳስ ያነጥራል። የከተማው ዋና የፍሳሽ መስመር ነው። ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር 20 ጫማ ስፋት ባለው ኢዝመንት፣ ማለትም ከተማው ለመስመሩ መብት በያዘበት መሬት፣ ይሰነጥቀዋል፤ እዚያ ላይ ማንም ምንም መሥራት አይችልም። እኔ ሪፖርቱን የጻፍኩት ከአየር ላይ የተነሳ ፎቶና የኮምፒውተር ካርታ እያየሁ ነው። ብርድ ነበር፣ አልወጣሁም። የፍሳሹ ካርታ ከጠረጴዛዬ ሁለት በር አልፎ ተሰቅሏል። የይግባኙ ቀን ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።

ከእናንተ መሀል አርክቴክቸር ወይም የከተማ ፕላን የምትማሩ ካላችሁ፣ ስለ እኔ የሥራ ዘመን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ክዳን አትርሱት። ሳትሄዱ አትጻፉ። በእግራችሁ ዙሩት።

ቤት የገዛችሁ ደግሞ ኮንትራክተር ሳትጠሩ በፊት ቤቱን ስትገዙ የፈረማችሁበትን የወረቀት ክምር አውጡ። ውስጡ ኢዝመንት የሚል ቃል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በወሰኑ ዙሪያ 5 ወይም 10 ጫማ ለውኃ መውረጃና ለመስመር የተተወ ቦታ አለ። ቫሪያንስ ኢዝመንትን አይሽርም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ካውንቲው ኢንተርኔት ላይ ያወጣው ካርታም ወሰን አይደለም። በፎቶው ላይ ያለው መስመር ጥቂት ጫማ ሊዛነፍ ይችላል፤ አንዳንዴ የጎረቤትን ሳሎን አቋርጦ ሲያልፍ አይቻለሁ። አጥርም ወሰን አይደለም። ወሰን ቀያሽ መሬት ውስጥ የቀበረው ብረት ነው። ሰርቬይ፣ ማለትም ቀያሽ ጠርቶ ማስለካት፣ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በጫማና በግማሽ ጫማ የሚከራከር ሰው በግምት ይዞ አይቆምም። ራሳችሁ ለመቆፈር ከተነሳችሁ አስቀድማችሁ 811 ደውሉ፤ መጥተው የተቀበረውን መስመር በነፃ ያመለክታሉ።

ስለ ጎረቤት። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይረዳናል። ከተማው ዙሪያችሁ ላሉት ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ደረቅ ነው፣ ያስደነግጣል። እሱ ሳይደርስ እናንተ ድረሱ። ሥዕሉን ይዛችሁ አንኳኩ፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሩ፣ ዳቦ ካለ ዳቦ። "ይሄን ልንሠራ ነው፤ መስኮቱ ወደ እናንተ አይደለም" በሏቸው። አንዲት እህታችን እንዲህ ስታደርግ ጎረቤቷ "መስኮቱን ትንሽ ከፍ አድርጊው" አላት፤ አደረገችው፤ በስብሰባው ቀን ተነስቶ የደገፋት እሱ ነው።

ኮሚሽነሩ ቤት ግን እንዳትሄዱ። አማላጅም አትላኩ። ሀገር ቤት ቢሆን ደጅ መጥናት ነው። እዚህ ግን ከስብሰባው ውጪ በጉዳዩ ላይ ማነጋገር ሰውየውን ራሱን ከድምፅ ሊያስወጣው ይችላል፤ የሚጎዳው ደግሞ እናንተን ነው።

ጎረቤት ቢቃወምስ? አትደንግጡ። "አልፈልግም" የሚል ደብዳቤ ብቻውን መከልከያ አይሆንም። ውኃው ወደ ግቢዬ ይፈሳል የሚል ከሆነ ግን ይመዝናል፣ መልስ ይዛችሁ ቅረቡ። አንዳንዱ ደብዳቤ ስለ ግንባታው ሳይሆን ስለ እናንተ ይጽፋል። ዘመድ ይበዛባቸዋል፣ መኪና ይደረድራሉ፣ ምግባቸው ይሸታል። አንብቤያለሁ፣ እየቆጨኝ መዝገብ ውስጥ አስገብቻለሁ። ለእሱ መልስ አትስጡ። ሦስት ደቂቃችሁን ይበላባችኋል።

ጊዜንም አስቡበት። እዚህ ስቴት ሙሉ ማመልከቻ ከገባ ከተማው በ60 ቀን መወሰን አለበት፤ በጽሑፍ አሳውቆ 60 ሊጨምር ይችላል። ጊዜው ካለፈና ካልከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ማመልከቻችሁ ጎድሎ ከተመለሰ ግን ቆጠራው አይጀምርም፤ እዚያ ላይ ነው ወር የሚበላው። ዴክ፣ ከቤት ጋር የተያያዘ የእንጨት መድረክ፣ የምታስቡ ደግሞ መሬቱ ሳይበርድ ጀምሩ። ደቡብ ሚኒሶታ የምሰሶው መሠረት 42 ኢንች መውረድ አለበት፤ ሰሜኑ 60። ኅዳር ላይ ስትቆፍሩ ታስታውሱኛላችሁ።

ሠርቶ ይቅርታ መጠየቅ የሚል ብልጠትም አለ። "ማን ያያል?" ብሎ ቅዳሜና እሑድ ዴክ የሚያቆም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ሠርታችሁ ከመጣችሁ ችግሩን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ እዚያው ላይ ይጥላችኋል። ሰው የሠራውን በገዛ ገንዘቡ ሲያፈርስ አይቻለሁ። ልጆቹ በመስኮት ያያሉ።

የምትፈልጉትን ሁሉ አትጠይቁ። የሚያስፈልጋችሁን ጠይቁ። አሥራ ሁለት ጫማ ያሰባችሁት ክፍል በአሥር ተኩል የሚሆን ከሆነ፣ ያንን እንደሞከራችሁ በሥዕል አሳዩ። ኮሚሽነሮች ሙከራ ያለበት ሥዕል ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

ያን ሰው ደወልኩለት። ሪፖርቴ ስህተት እንደነበረ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዚያ "ችግር የለም ጋሼ" አለኝ። ችግር ነበረ እንጂ። ደንባችን የተከለከለ ጥያቄ ዓመት ሳይሞላው እንዲመለስ አይፈቅድም ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ተመልሶ መጣ። አሁን ሰርቬይ ይዟል። የክዳኑን ፎቶ አንስቷል፤ ልጁ አጠገቡ ቆሟል። ክፍሉን አጥብቦ ጥያቄውን ወደ ሦስት ጫማ አውርዶታል። ስለ እናቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሁሉም እጃቸውን አወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ጨበጥኩትና እናቱን ጠየቅሁት። ዳላስ እህቱ ጋ ሄደዋል አለኝ፤ የእሷ ቤት ደረጃ የለውም። ክፍሉን በበጋ ሠራው። አሁን ልጁ ያጠናበታል።